የባሕር ኃይል ተማሪ ቤት ጓደኞች በጡረታ ዘመናቸው

በንግድ ወይም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ጅቡቲ የወረደ ሰው ሁሉ ወደቡንና ጉምሩኩን ያውቃል። ጉዳዩን ፈጽሞ የሚመለስ እንግዳ ግን በስም ሳይሆን በቍጥር ወደሚጠሩት ሰፈሮች ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። እነዚህ ሰፈሮች በፈረንሳዮች ዘመን የአገሩ ተወላጅና ሠራተኛው ሕዝብ የሰፈረባቸው ሲሆኑ፤ ቍጥራቸው ከአንድ እስከ ሰባት ይደርሳል። ካርቲየ 5 ከእነዚሁ አንዱ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሶማሌው፤ አፋሩ፤ የየመን ዐረቡና ኢትዮጵያዊው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በአንዱ ቤት እንጀራ ሲጋገር በጎረቤቱ ዓሣ ይጠበሳል።

በዚህ ሰፈር የጡረተኞች ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ደርሶ ከተከፋፈለ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም «መብረዝ» ወደሚባለው ክፍል ገብተው ትራሳቸውን ተደግፈው እስኪመሽ ይጨዋወታሉ። መብረዝ የጫት ቤት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ተሳስቷል። ብዙዎቹ መብረዞች ቋሚ አባሎች አሏቸው፤ መዋጮ አላቸው፤ የቀረ ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል። አባሎቹም አንዳንድ ጊዜ የሥራ ባልደረቦች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው። ጅቡቲ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመችው በ1998 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ወጣት ብዙ ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር። በባዕድ አገር ብርድ አብረው የከረሙ ተማሪዎች ዛሬ በዚህ ሙቀት በአንድ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ፤ የሚያነሡት ወሬ ከስድሳ ዓመት በፊት የነበረ ይሁን የትናንት ይሁን ከውጭ ለሚሰማ ሰው አይለይም።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናወሳው ያሰብነው ክፍል የሌለውን፤ ምንጣፍም የማይነጠፍለትን ሌላ ባልንጀርነት ነው። ይኸውም የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እጩ መኮንኖች በጡረታ ዘመናቸው የሚጠያየቁበት ነው። ካርቲየ 5ም ለዚህ ባልንጀርነት ከጥቂት ዓመታት በላይ እንደ ፖስታ ቤት ሆኖ አገልግሏል።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፤ ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እስክትተሳሰር ድረስ መንግሥቱ የራሱ ጠረፍ ስላልነበረው የባሕር ኃይል ማቋቋም የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ሳይዘገይ ተጀመረ። ምፅዋ ዋና ሰፈር ሆነች፤ አሥመራ ላይ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በአሰብ የመርከብ መጠገኛ ተሠራ። ትምህርቱን ለማቋቋም የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። እጩው መኮንን ከአራት ዓመት በላይ ሒሳብ፤ የመርከብ አመራር፤ የከዋክብት አቀማመጥና የመኪና ዕውቀት ይማራል። ጥቂቶቹም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኢጣሊያ ሊቮርኖና ወደ አሜሪካ አናፖሊስ ተልከዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች፤ ለወጣቶቹም መለማመጃ ሆነች። በየዓመቱ በምፅዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የብዙ አገሮች የጦር መርከቦች እየመጡ መልሕቅ ይጥሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ወርደው ለምሩቃኑ ማዕረጋቸውን ይሰጡ ነበር።

በዚህ ኮሌጅ የገባ ወጣት ከደጋ የመጣም ይሁን ከከረን፤ ከሐረርጌ ይሁን ከአካለ ጉዛይ፤ የሚታወቀው በገባበት ኮርስ ነበር። የኮርስ ጓደኛ ማለት አልጋው ከአልጋህ አጠገብ የነበረ፤ ባሕሩ ሲናወጥ አብሮህ ያስታወከ፤ በፈተና ጊዜ መብራት ከጠፋ በኋላ ሹክ ብሎ ያስጠናህ ማለት ነው። ባሕር ዐይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ዋና የተማሩት በጠረፍ ከተወለዱት ጓደኞቻቸው ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ነገሩም ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ዘርዝረን አንባቢን አናደክምም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ሥልሳ ያህል ባለሥልጣኖች መካከል የባሕር ኃይሉ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል። አዲሶቹ እጩዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት መሄድ ጀመሩ፤ ታላላቆቹ ከታናናሾቹ ጋር በትምህርት ቋንቋ እንኳ ሳይቀር ተለያዩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ሲፈርስ ከአሰብ ለመውጣት የቻሉት መርከቦች ሠራተኞቻቸውን እንደ ያዙ ወደ የመንና ወደ ሌላው የቀይ ባሕር ጠረፍ ተበተኑ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በየመን ቆይታ ለብረታ ብረቷ ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የተጠጉትም ዕድላቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ የወደብ ኪራይ የሚከፍልላቸው ጠፍቶ ዕዳው ስለ ተጠራቀመ የጅቡቲ መንግሥት በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ በሐራጅ አወጣቸው።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ ሐራጅ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ዕቃው ይጠራል፤ ዋጋ ይቈረጣል፤ ነገሩ ያልቃል። ይሁን እንጂ በዚያ ሐራጅ ጊዜ በጅቡቲ ከቀሩት የባሕር ኃይል ሰዎች መካከል መርከቦቹን ከመልሕቅ ሰንሰለታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ነበሩ። ከመርከቦቹ ጥቂቶቹን የገዛችው ኤርትራ ነች። እንግዲህ በአንድ ኮርስ ተምረው ከተመረቁት ውስጥ አንዱ ያቺኑ መርከብ ለአዲሱ አገሩ ባንዲራ ሲረከብ፤ ሌላው በወደቡ ዳር ሥራ ፈትቶ ማየቱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነበር። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ የኮርስ ጓደኞች የሁለት መንግሥት ዜጎች ሆነው ነበርና።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ዛሬ በካርቲየ 5 የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን አንጽፈውም። ከባሕር ኃይሉ መፍረስ በኋላ እንግሊዝኛቸውና የመርከብ ሰነድ ዕውቀታቸው ረድቷቸው በወደቡ በአንድ የመርከብ ወኪል ዘንድ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲነሣና የኢትዮጵያ ዕቃ ከአሰብ ፈጽሞ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ሥራው በዛላቸው፤ የትራንዚት ሰዎች፤ የከባድ መኪና ሹፌሮችና የጉምሩክ አስፈጻሚዎች ከአዲስ አበባ እየወረዱ ሰፈሩን ሞሉት። ሥራ ያመጣላቸው ያው ጦርነት የኮርስ ጓደኞቻቸውን ደግሞ ከሁለት ከፈለባቸው።

ጦርነቱ ሲጀመር በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የቴሌፎን መሥመር ተዘጋ፤ ፖስታም፤ አውሮፕላንም፤ መንገድም ቀረ። በአሥመራ ያለ ሰው በአዲስ አበባ ያለ ጓደኛው በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበረውም። ጅቡቲና ኤርትራ ራሳቸው ለጊዜው ተቃቅረው ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከታረቁ በኋላ ግን በካርቲየ 5 የነበሩት ሰው በተከራዩት የፖስታ ሣጥን በኩል አንድ ሥራ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከአዲስ አበባ የሚጽፈው ሰው ደብዳቤውን በሁለት ፖስታ ያደርገዋል፤ በውጭኛው ላይ የጅቡቲውን ሣጥን ቍጥር፤ በውስጠኛው ላይ የአሥመራውን ሰው ስም ይጽፋል። ጅቡቲ ላይ የውጭኛው ይቀደድና በውስጠኛው ላይ የጅቡቲ ቴምብር ተለጥፎበት ይላካል። ከአሥመራም እንዲሁ። ፖስታ ያልታመነ እንደ ሆነ በጋላፊ በኩል የሚወጣ የታወቀ ሹፌር ይዞት ይሄዳል። በደብዳቤዎቹም ውስጥ ፖለቲካ አልነበረም፤ የሚጻፈው የልጅ ሠርግ፤ የደም ግፊት፤ የሞተ ጓደኛ፤ አልፎ አልፎም በእጩነት ዘመን የተሰጠ የቅጽል ስም ነበር።

ይህ መንገድ ከስምንት ዓመት በላይ አልቈየም። በሰኔ 2000 ዓ.ም. በራስ ዱሜራ በኩል የጅቡቲና የኤርትራ ወታደሮች ሲታኰሱ እሱም ተዘጋ። ደብዳቤው ከዚያ ወዲህ በሳዑዲ ዐረቢያና በአውሮፓ ባሉ ልጆች በኩል ይዞር ጀመር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው የቴሌፎን መሥመሩ ሲከፈት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳይሰማሙ የኖሩ ሰዎች ቁጥር እየመቱ ተጠራሩ። በዚያ ሳምንት ከተደወሉት ስልኮች ምን ያህሉ ጠሪውን ከሚፈልገው ሰው ሳይሆን ከልጁ ወይም ከባለቤቱ ጋር እንዳገናኙት መገመት አያስቸግርም። ሃያ ዓመት ለወጣት ረጅም ነው፤ ለጡረተኛ ግን ዕድሜው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እነዚህን ሰዎች ምን ያያይዛቸዋል? ኮሌጃቸው እንደ ሌሎቹ ተማሪ ቤቶች በር የለውም፤ ከኢትዮጵያ ወገን ያለው ምሩቅ ሄዶ የድሮ ክፍሉን ሊያይ አይችልም። የሚያወጣው ደንብ፤ የሚጠራው ዓመታዊ በዓል የለም። የአሜሪካ አናፖሊስ ምሩቃን «ሺፕሜት» የሚባል መጽሔት አላቸው፤ እያንዳንዱ የምረቃ ዓመት የራሱ ጸሐፊ ኖሮት ማን እንዳገባ፤ ማን ጡረታ እንደ ወጣ፤ ማን እንዳረፈ በዚያ ያስታውቃል። በስተጀርባቸው የቆመ ተማሪ ቤት፤ ገንዘብና ሕንጻ አለ። የእኛዎቹ ያላቸው አንድ ደብተር ነው።

ስለ ደብተሩ ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም ብዙው ቁም ነገር እዚያ ነው። መሥመር የተሠመረበት ተራ ደብተር ሲሆን፤ በውስጡ የኮርሱ አባሎች ስም በምረቃ ተራቸው ተጽፏል። ከስሙ ቀጥሎ የሚኖርበት ከተማ፤ የስልክ ቍጥር፤ የባለቤትና የታላቅ ልጅ ስም፤ በመጨረሻም መዋጮ የከፈለበት ወር ይገኛል። መዋጮው እንደ ማንኛውም እድር ነው፤ የሞተ ሲኖር ለቤተ ሰቡ ይላካል። አዛውንቱ እንደሚሉት፤ ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ይበተን ነበር። ሰው ጓደኛውን ስለ ናፈቀ ብቻ በየወሩ አይደውልም፤ መዋጮ ሰብሳቢው ስለሚጠብቀው ግን ይደውላል፤ ከደወለም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጫወታል። ለአስተዳደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀን ያልተቈረጠለት፤ ኃላፊ ያልተመደበለት ሥራ እንደማይሠራ ሁሉ ባልንጀርነትም ያለ መዝገብና ያለ ቀን አይሰነብትም። ይህን የምንለው ለጓደኝነት ንቀት ኖሮን አይደለም።

ደብተሩ ከመዋጮ የበለጠ ጥቅም የሰጠበት ጊዜም አለ። በምፅዋና በአሰብ የነበሩ ብዙ ወረቀቶች በጦርነቱ ጠፍተዋል። አንድ ሰው በዚህ ዓመት ገብቼ በዚህ ዓመት ተመረቅሁ፤ ይህን ያህል ዘመን አገለገልሁ ብሎ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲያመለክት ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው ከሌለ ምስክር መቍጠር አለበት፤ ምስክሩም አብሮት ከተማረው ሰው የተሻለ ከየት ይመጣል? ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ከዚህ በባሰ ሁኔታ ላይ ትገኛለች፤ ባሏ የማዕረጉን ነገር ሲያወራ ሰምታ ይሆናል እንጂ ቀኑን አታውቅም። በዚህ ጊዜ በአሜሪካ ያለው ፎቶግራፉን፤ በአዲስ አበባ ያለው ቃሉን፤ በካርቲየ 5 ያሉት ሰው ደግሞ ከደብተራቸው ላይ ቀኑን እየላኩ ጉዳዩን አስፈጽመዋል። የክፍል ጓደኛ በሽምግልና ዘመን መዝገብ ቤት ይሆናል ማለት ይቻላል።

የጓደኝነት ጥቅም በጥናትም ተመርምሯል። በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በጀመረው ምርመራ 268 የኮሌጅ ተማሪዎችን መርጦ እስከ እርጅናቸው ድረስ ተከታትሏቸዋል። ከተገኘው ውጤት ዋናው፤ በሽምግልና ዘመን ለጤናም ለደስታም ከሀብትና ከዝና ይልቅ ከሰው ጋር ያለ የቀረበ ግንኙነት እንደሚበልጥ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ሳያጠኑት በማኅበርና በሰንበቴ ያውቁታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፤ ዝም ብለን ልናልፈው አንወድም። በዚህ ማኅበር ውስጥ የማይነሣ ወሬ አለ። በጦርነቱ ማን የት እንደ ነበረ፤ ምፅዋ ላይ ማን በማን ላይ እንደ ተኰሰ አይነገርም። ይህ ዝምታ በጽሑፍ የተደነገገ አይደለም፤ ሁሉም ግን ይጠብቁታል። አንዳንድ ሰዎች እውነቱ ሳይነገር የሚኖር ወዳጅነት ግማሽ ወዳጅነት ነው ይላሉ። እኛ ግን ሰማንያ ዓመት ለመድፈን ጥቂት የቀረው ሰው ከሃምሳ ዓመት በፊት አልጋው አጠገብ ከተኛ ጓደኛው ጋር በምን እንደሚጫወት መምረጥ የራሱ ድርሻ ነው ብለን እናምናለን። የጦርነቱን ታሪክ የሚጽፉ ሌሎች አሉ።

የጅቡቲው ሰው አሁን የሚያሳስባቸው ደብተሩ ማን እጅ እንደሚገባ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደ ገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ስትፈራረም ደስ ብሏቸዋል፤ ነገር ግን አዲሶቹ ወጣቶች የራሳቸው ኮርስና የራሳቸው ደብተር ይኖራቸዋል። የቀድሞዎቹ በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ልጃቸው በጅቡቲ ተወልዶ ያደገ ስለ ሆነ ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ ያነባል፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አልለየም። አባቱ ቢያርፉ ደብተሩን ገልጦ ለማን እንደሚደውል አያውቅም።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሙያው አስተርጓሚ ስለ ሆነ፤ ስሞቹን በላቲን ፊደል ገልብጦ እንዲጽፍላቸው ተጠይቆ ሥራውን ተቀበለ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ይመስል ነበር፤ ከሳምንት በላይ ወሰደ። ምክንያቱም የአንድ ሰው ስም በሦስት አገር ፓስፖርት ሦስት ሆኖ ይገኛል። «ገብረ» የሚለውን ቃል እንግሊዝኛ የተማረው «ጂ»ን ብቻ አስቀድሞ ይጽፈዋል፤ በኢጣሊያኖች አጻጻፍ የለመደው የአሥመራ ሰው ከእሷ ቀጥሎ «አካ» የምትባለውን ፊደል ይጨምራል፤ ፈረንሳይኛ የተማረው ደግሞ «አካ»ን ትቶ በቦታው «ኡ»ን የሚመስለውን ፊደላቸውን ያገባል። «ጸ» በአንዱ ዘንድ በ«ቲ»ና በ«ኤስ»፤ በሌላው ዘንድ በ«ዜታ» ይጻፋል። በዚህ ላይ ወደ ውጭ አገር የሄደው ሰው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም የቤተ ሰብ ስም ተደርጎበት የራሱ ስም ወደ ኋላ ተጥሏል። በስልክ ማውጫም ሆነ በእጅ ስልክ የሚፈልገው ጓደኛው ሊያገኘው ያልቻለው አንዳንድ ጊዜ ከጦርነቱ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስቱም አጻጻፍ በተርታ እንዲሰፍር ተስማማን፤ የቅጽል ስሙም በፈረንሳይኛ ድምፅ ተጨመረ፤ ምክንያቱም ልጁ ሲደውል አባቱ ማን እንደ ነበሩ ቶሎ የሚያስታውሰው ያ ቅጽል ስም ነው። ከሞቱት ስሞች ጎን የባለቤት ወይም የልጅ ስልክ ቍጥር ገባ። ሦስት ሰዎች ግን ወደ የትኛው አገር እንደ ሄዱ ስላልታወቀ፤ ስማቸው በአማርኛ ብቻ ተጽፎ ከጎኑ ያለው ቦታ ክፍት ተትቷል። አዛውንቱም ስለ እነሱ የሚያውቅ ሰው ካለ ለመጠየቅ ለአሥመራው ጓደኛቸው ጽፈዋል።